የአሜሪካ የትምህርት ዲስትሪክቶች የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ ክላውድ ሽግግር

በዩናይትድ ስቴትስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት 13 ሺህ ገደማ በሚሆኑ የትምህርት ዲስትሪክቶች ሲሆን፣ አብዛኞቹ የየራሳቸው ቦርድ፣ በጀትና የቴክኖሎጂ ክፍል አላቸው። የተማሪዎች ውጤት፣ የመምህራን ደመወዝ፣ የምሳ ሒሳብ፣ የአውቶቡስ መስመርና የቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ለረጅም ዓመታት ይቀመጡ የነበረው በዲስትሪክቱ ዋና መሥሪያ ቤት በተተከሉ ሰርቨሮች፣ ማለትም መረጃና ፕሮግራም ለሌሎች ኮምፒውተሮች በሚያቀርቡ ኮምፒውተሮች፣ ላይ ነበር። ወደ ክላውድ መሸጋገር ማለት እነዚህን ሥርዓቶች እንደ አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ያሉ ኩባንያዎች ወደሚያስተዳድሯቸው የመረጃ ማዕከላት አዛውሮ በኢንተርኔት አማካይነት መጠቀም ነው። አንዳንድ ዲስትሪክቶች ሰርቨር ተከራይተው የራሳቸውን ሶፍትዌር ይጭኑበታል። አብዛኞቹ ግን ሙሉውን አገልግሎት በዓመት ክፍያ ይገዛሉ፤ ጥገናውም፣ ማሻሻያውም የሻጩ ይሆናል።

ሽግግሩ የተጀመረው በኢሜይል ነው። ጉግል የኢሜይልና የሰነድ አገልግሎቱን ለትምህርት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2006 በነፃ ማቅረብ ጀመረ፤ በ2010 ኦሪገን አገልግሎቱን ለሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ በመክፈት ከክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። በ2011 ገበያ ላይ የዋለው ክሮምቡክ ሥራውን ሁሉ በብራውዘር የሚያከናውን ርካሽ ላፕቶፕ በመሆኑ በየክፍሉ ተስፋፋ። ኮሮና በ2020 ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ፣ ከቢሮ ውጭ ሊደረስባቸው የማይችሉ ሥርዓቶች ምን ያህል ሥራ እንደሚያስተጓጉሉ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

በሜሪላንድ የሚገኘው የባልቲሞር ካውንቲ ዲስትሪክት ታሪክ ጉዳዩን ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያብራራል። 115 ሺህ ገደማ ተማሪዎች የነበሩት ይህ ዲስትሪክት ትምህርቱን በሙሉ በኢንተርኔት በሚሰጥበት ወቅት፣ በኖቬምበር 24 ቀን 2020፣ የምስጋና ቀን በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፋይሎችን ቆልፈው ቤዛ በሚጠይቁ ጠላፊዎች ተመታ። ትምህርት ለሦስት የትምህርት ቀናት ተቋረጠ። ሠራተኞችና ተማሪዎች ዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን እንዳይከፍቱ ሲታዘዙ፣ ክሮምቡኮችና የጉግል አካውንቶች ግን ስላልተነኩ ትምህርቱ የቀጠለው በእነርሱ ነበር። በዚያው ሰሞን የክፍለ ግዛቱ የኦዲት ቢሮ ይፋ ያደረገው ሪፖርት፣ ከውጭ የሚደረስባቸው የዲስትሪክቱ ሰርቨሮች ከውስጥ ኔትወርኩ ተለይተው እንዳልተቀመጡ አመልክቶ ነበር። በ2023 የወጣው የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ዋና ኢንስፔክተር ምርመራ ደግሞ፣ ጥቃቱ በአንድ አታላይ ኢሜይል እንደተጀመረና ለዲስትሪክቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ እንዳስከተለ ገልጿል። ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የወሰዱት ድምዳሜ ክላውድ ከራስ ሰርቨር ይልቅ አስተማማኝ ነው የሚል ነው። ትክክለኛው ትምህርት ግን ጠበብ ያለ ይመስላል፤ የጉግሉን ክፍል ያዳነው ከተመታው ኔትወርክ ተለይቶ መቀመጡ ነው።

የሽግግሩ ቅደም ተከተል በየዲስትሪክቱ ይለያያል፤ ሆኖም ኢሜይልና ሰነዶች ቀድመው፣ የተማሪ መዝገብና የደመወዝ ሥርዓት ዘግይተው ይዛወራሉ። ዋናው ዝውውር ተማሪዎች ዕረፍት ላይ በሚሆኑበት በበጋው ወራት ይከናወናል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው የአካውንቶች አስተዳደር ነው፤ አንድ መምህር ሲቀጠር በአንድ ስም ሁሉንም ሥርዓት እንዲከፍት፣ ሥራ ሲለቅም በዚያው ቀን ሁሉም እንዲዘጋበት ማድረግ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚመጣው አሰልቺው ግን እጅግ አስፈላጊው ሥራ፣ የቆየውን መረጃ መመርመርና ሕጉ እንዲቀመጥ የማያስገድደውን ማጥፋት ነው። ጊዜ የሚያጥራቸው ዲስትሪክቶች ይህንን ደረጃ ዘልለው ያለውን ሁሉ እንዳለ ይጭናሉ፤ የኋላ ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የገንዘቡ ጉዳይም ውስብስብ ነው። ሰርቨር የሚገዛው ብዙ ጊዜ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ በሚያጸድቀው የቦንድ (የብድር) ገንዘብ ሲሆን፣ የክላውድ ዓመታዊ ክፍያ ግን በአመዛኙ ከመደበኛው በጀት፣ ማለትም የመምህራን ደመወዝ ከሚከፈልበት ቋት፣ ይወጣል። በ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት የተቋቋመው ኢ-ሬት የተባለ የፌዴራል የድጋፍ ፕሮግራም እንደ ተማሪዎቹ የድህነት መጠን ቅናሽ የሚሰጠው ለኢንተርኔት መስመር (ከ20 እስከ 90 በመቶ) እና ለውስጥ ኔትወርክ (ከ20 እስከ 85 በመቶ) ነው፤ ኢሜይልና መሰል አገልግሎቶች ከ2014ቱ ማሻሻያ በኋላ ከድጋፉ ወጥተዋል። ነፃ የሚባለውም ቢሆን ዘላቂ ዋስትና የለውም። ጉግል ገደብ አልባ የነበረውን የትምህርት ተቋማት ማከማቻ በ2021 ባስታወቀው ለውጥ ለአንድ ተቋም በጋራ 100 ቴራባይት ሲያደርገው፣ ትልልቅ ተቋማት የዓመታት ቪዲዮዎችንና ፋይሎችን ለመቀነስ ወይም ተጨማሪ ለመግዛት ተገደዋል።

መረጃው የትም ይቀመጥ የት፣ ተጠያቂነቱ ከዲስትሪክቱ አይወርድም። በ1974 የወጣው ፌርፓ የተባለው የፌዴራል ሕግ የተማሪ መዝገብ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይገለጥ ይከለክላል። የክላውድ ኩባንያ መዝገቡን ሊይዝ የሚችለው ዲስትሪክቱ ራሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሲሠራለትና የመረጃውን አያያዝ በተመለከተ በዲስትሪክቱ ቁጥጥር ሥር ሲሆን ነው። የዚህ ቁጥጥር ድክመት በዲሴምበር 2024 የተማሪ መዝገብ ሶፍትዌር በሚያቀርበው ፓወርስኩል የተባለ ኩባንያ ላይ በደረሰው ጠለፋ ታይቷል። ጠላፊው የኩባንያውን የደንበኞች ድጋፍ ገጽ በተሰረቀ የይለፍ ቃል ከፍቶ፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የበርካታ ዲስትሪክቶችን የተማሪና የመምህር መረጃ ወሰደ። የቶሮንቶ ዲስትሪክት ከ1985 ጀምሮ የተመዘገቡ ተማሪዎች መረጃ እንደተነካ አስታውቋል። ዛሬ የልጆች ወላጅ የሆነ ሰው የልጅነት መዝገቡ ሊሰረቅ የቻለው አንድ ጊዜም ሳይጠረግ ከሥርዓት ወደ ሥርዓት ስለተሸጋገረ ነው።

ጉዳዩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችንም በቀጥታ ይመለከታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ወላጆች የልጆቻቸውን ውጤትና ከትምህርት የቀሩባቸውን ቀናት የሚከታተሉት ፓረንት ቪዩ በተባለ የኢንተርኔት ገጽ ሲሆን፣ ዲስትሪክቱ ለወላጆች መረጃ ከሚያወጣባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ፌርፓ ወላጅ የልጁን መዝገብ በጥያቄው በ45 ቀናት ውስጥ እንዲያይና ስሕተት ካለበት እንዲታረም እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። መዝገቡ በሌላ ኩባንያ ማዕከል መቀመጡ ይህን መብት ስለማይቀንሰው፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለሻጩ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ ነው። ውሉ ሲያበቃ ኩባንያው የልጁን መረጃ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚመልስና ከመጠባበቂያ ቅጂዎቹ ጭምር እንደሚያጠፋም ወላጅ ዲስትሪክቱን መጠየቅ ይችላል።