«ያደረገ ይደረግበታል»፦ የጥንት ግሪኮች አባባልና የኤሌክትራ ጥያቄ

የጥንት ግሪኮች «ድራሳንቲ ፓቴይን» የምትል አጭር አባባል ነበረቻቸው። ያደረገ ይደረግበታል እንደ ማለት ናት። ከእኛ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ጋር ትቀራረባለች። ልዩነቱ፣ የእኛውን ለትንሹም ለትልቁም በደል እንጠቅሰዋለን። የእነሱ ግን በታወቀችበት ቦታ የምትናገረው ስለ ደም ነው። በዚያ ላይ ደሙ የቤተ ዘመድ ደም ነው።

አባባሏን ለዛሬ ያደረሳት የተውኔት ጸሐፊው አይስኪሎስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 አቴንስ ውስጥ በወይን አምላኩ በዲዮኒሶስ በዓል ላይ «ኦሬስቴያ» የተባሉትን ሦስት ተያያዥ ተውኔቶች አቅርቦ አንደኛ ወጣ። በሁለተኛው ተውኔት ምርኮኛ ሴቶች በአንድ መቃብር አጠገብ ያለቅሳሉ። ይቺን አባባል የሚሉት እነሱ ናቸው። «ሦስት ጊዜ ያረጀ ቃል» ይሏታል። እንግዲህ ያኔም አሮጌ ነበረች ማለት ነው።

መቃብሩ የአርጎስ ንጉሥ የአጋሜምኖን ነው። የዚህ ቤት ጣጣ የሚጀምረው ግን ከአባቱ ነው። አባቱ አትሬዎስ ከወንድሙ ከቲየስቴስ ጋር ተጣላ። ታረቅን ብሎ ጠራውና የቲየስቴስን ልጆች ሥጋ ቀቅሎ ለአባታቸው አበላው። ከዚያ እርድ የተረፈው የቲየስቴስ ልጅ ኤጊስቶስ ቂሙን ይዞ አደገ። አጋሜምኖን ደግሞ ወደ ትሮይ ሲዘምት ነፋስ እንቢ ቢለው ሴት ልጁን ኢፊጌንያን ሠዋ። ሚስቱ ክሊቴምኔስትራ ይህን አልረሳችም። ጦርነቱ አሥር ዓመት ፈጀ። ባሏ ድል አድርጎ ሲመለስ ገላውን በሚታጠብበት እጅጌና አንገት በሌለው ልብስ ጠቅልላ ገደለችው። ኤጊስቶስም ከጎኗ ነበር። እያንዳንዱ ገዳይ ምክንያት አለው፤ እያንዳንዱም «አድርጎብኝ ነው» ይላል።

ኤሌክትራ የአጋሜምኖንና የክሊቴምኔስትራ ልጅ ናት። ወንድሟ ኦሬስቴስ በልጅነቱ ሰው አገር ተልኮ አደገ። እሷ በአባቷ ቤት እንደ ገረድ ተቆጥራ ኖረች።

አንድ ሌሊት ክሊቴምኔስትራ ክፉ ሕልም አየች። እባብ ወልዳ ስታጠባው ከወተቷ ጋር ደሟን ጠጣ። ደንግጣ ለሟቹ ባሏ የሚፈስ መሥዋዕት በኤሌክትራና በምርኮኞቹ ሴቶች እጅ ላከች። ኤሌክትራ መቃብሩ ላይ ደርሳ ግራ ገባት። ይህን ስታፈስ ምን ትበል? «ከምትወድህ ሚስትህ፣ ከእናቴ የተላከ ነው» ትበል? አፏ እንቢ አላት። ሴቶቹን ምከሩኝ አለች። ለገዳዮቹ የሚመጣባቸው እንዲመጣ ለምኚ አሏት። በዚህ ጊዜ የጠየቀችው ጥያቄ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሦስቱ ተውኔቶች ሁሉ ልብ ነው።

«ይምጣ የምትሉኝ ዳኛ ነው ወይስ ተበቃይ?»

ሴቶቹ አላንገራገሩም። በአጭሩ የሚገድላቸው ይምጣ በይ አሏት። እንደገና ጠየቀች፤ ይህን ከአማልክት መለመን ነውር አይሆንብኝም? ጠላትን በክፉ መመለስ እንዴት ነውር ይሆናል አሏት። እሷም ጸለየች። ተበቃይ እንዲመጣ ለመነች። ለራሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች፤ ከእናቴ ይልቅ አስተዋይ አድርገኝ፣ እጄም ከእሷ እጅ ይንጻ።

አባባሏ የዘለለችውን ኤሌክትራ ጠይቃዋለች። ያደረገ ይደረግበታል፤ እሺ፣ በማን እጅ? «ደም መመለስ» እና «ደም ማድረቅ» የሚባሉትን ነገሮች ለሚያውቅ አንባቢ የጥያቄው ክብደት አይጠፋውም።

ተበቃዩ ግን እዚያው አጠገቧ ተደብቆ ነበር። ኦሬስቴስ ተመልሷል። መቃብሩ ላይ በተወው የጸጉር ቁራጭና በእግሩ ዱካ ጠረጠረች፤ ራሱ ወጥቶ ሲገለጥላት እልል አለች። ኤጊስቶስን ገደለ፤ ወደ እናቱ ዞረ። እሷም ያጠባሁህ ጡት ይኸው ብላ ገለጠችለት። እጁ ተያዘ። ጓደኛው ፒላዴስ ያባትህን ደም መልስ ያለውን የአምላኩን የአፖሎን ትእዛዝ አስታወሰው፤ ኦሬስቴስም ገደላት። ኤሌክትራ በዚህ ሰዓት መድረክ ላይ የለችም። ቀደም ብላ ወደ ቤት ገብታለች፤ አይስኪሎስም መልሶ አላመጣትም።

አሁን ኦሬስቴስም «ያደረገ» ሆነ። የደም ተበቃይ የሆኑት ኤሪኒዬስ የተባሉ አማልክት አሳደዱት። በአባባሏ ከሄድን እነሱም ልክ ናቸው። መቆሚያ የተገኘው በሦስተኛው ተውኔት ነው። እንስት አምላክ የሆነችው አቴና የአቴንስን ዜጎች ዳኞች አድርጋ በአርዮስፋጎስ ኮረብታ ችሎት አቆመች። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ጳውሎስ ቆሞ የተናገረበት ነው። ድምፁ እኩል ለእኩል ወጣ። አቴና ድምጿን ለኦሬስቴስ ሰጥታ ስለነበር፣ እኩል ከሆነ ተከሳሹ ይለቀቅ ባለችው መሠረት ነጻ ወጣ። ዳኛው መጣ፤ ጠያቂዋ ግን አላየችውም።

ሌሎቹ የግሪክ ተውኔት ጸሐፊዎች ኤሌክትራን እንዲህ አልሸሸጓትም። ሶፎክሊስ እናቷ ከውስጥ «ተመታሁ» ስትል ኤሌክትራን ደጅ አቁሞ «ጉልበት ካለህ ድገማት» ያሰኛታል። ይህን ያለችው ለወንድሟ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ የኤውሪፒደስ ነው። እሱ ዘንድ ለድሃ ገበሬ ተድራለች፤ ሰውየው ግን አክብሯት አልነካትም። እናቷን ወለድኩ ብላ ራሷ ጠርታ ወደ ጎጆዋ አስገባቻት፤ ሰይፉንም ከወንድሟ ጋር አብራ ያዘች። ከግድያው በኋላ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። ያኔ የእናታቸው ወንድሞች፣ አማልክት የሆኑት ካስቶርና ፖሊዴውኬስ፣ ከላይ ተገልጠው ይፈርዳሉ። ካስቶር ለኦሬስቴስ እንዲህ ይለዋል፦ እሷ የሚገባትን አግኝታለች፤ አንተ ግን ያደረግከው ልክ አይደለም። ኤሌክትራም ለፒላዴስ ትዳር፣ ከአርጎስም ትውጣ ተባለ። ወንድምና እህት ገና በተገናኙበት ቀን፣ ዳግም ላይተያዩ ተቃቅፈው ተለያዩ።