ስሟን ጥሩ፦ የዘር ፍትሕ ታጋዮችና የአሜሪካ ተራማጆች የምርጫ ዘመቻ

በአሜሪካ ለጥቁሮች መብት የሚታገሉ ወገኖችና ራሳቸውን ተራማጅ የሚሉ ፖለቲከኞች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ ምርጫ ሲመጣ ግን በመካከላቸው ያለው ቅሬታ አደባባይ ይወጣል። ቅሬታው የቆየ ነው። በ1964 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጮች ብቻ የነበሩበትን የሚሲሲፒ ልዑክ ለመተካት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ወደተካሄደበት አትላንቲክ ሲቲ ድረስ ለሄዱት ለጥቁር ታጋይዋ ለፋኒ ሉ ሄመርና ለጓዶቻቸው ፓርቲው ያቀረበላቸው 2 መቀመጫ ነበር። አልተቀበሉትም።

በእኛ ዘመን ፍጥጫው ጎልቶ የታየው ጁላይ 18 ቀን 2015፣ ፊኒክስ ከተማ በተካሄደው ኔትሩትስ ኔሽን በተባለው የተራማጆች ጉባኤ ላይ ነው። ሳንድራ ብላንድ የተባለች የ28 ዓመት ጥቁር ሴት በቴክሳስ እስር ቤት ሞታ ከተገኘች ገና 5 ቀኗ ነበር። የ«ብላክ ላይቭስ ማተር» («የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው») ታጋዮች ወደ መድረኩ ወጥተው «ስሟን ጥሩ» እያሉ ጮኹ። በ2016 ምርጫ የዴሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ለመሆን ይወዳደሩ የነበሩት ማርቲን ኦማሊ የሁሉም ሰው ሕይወት ዋጋ አለው ቢሉ ተቃውሞው ባሰ፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥለው የወጡት ሌላው ተወዳዳሪ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ለሲቪል መብቶች 50 ዓመት መታገላቸውን አስታውሰው፣ ካልተፈለጉ ለመሄድ እንደማይከፋቸው ተናገሩ።

የሳንደርስ ደጋፊዎች ማዘናቸው አይገርምም። ሰውየው በ1963 ቺካጎ ውስጥ የትምህርት ቤቶችን የዘር ልዩነት ሲቃወሙ ታስረዋል። መልእክታቸውም ግልጽ ነበር፦ ደመወዝ ከፍ ሲል፣ ኮሌጅ በነጻ ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛ ጥቁሮችም ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ ግን እኔ ከታጋዮቹ ጋር ነኝ። ብላንድ ወደ ቴክሳስ የመጣችው በተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ሥራ አግኝታ ነው። ፖሊሱ ያስቆማት መስመር ስትቀይር ፍሬቻ አላሳየሽም ብሎ ነው። ሥራ ማግኘቷ አላዳናትም።

ኦገስት 8 ቀን ሲያትል ላይ 2 ሴቶች የሳንደርስን ማይክሮፎን ይዘው፣ ከዓመት በፊት ፈርገሰን ከተማ ውስጥ በፖሊስ ለተገደለው ማይክል ብራውን የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ ጠየቁ። ከሕዝቡ ብዙው ጮኸባቸው፤ ሳንደርስም ንግግር ሳያደርጉ ሄዱ። ወዳጅን በአደባባይ ማሳፈር ምን ይጠቅማል ያሉ ብዙ ነበሩ። ዳሩ ግን በነጋታው ዘመቻው ጥቁሮች ከሚደርስባቸው አካላዊ ጥቃት የሚጀምር የዘር ፍትሕ መርሐ ግብር አወጣ፤ የፕሬስ ኃላፊነቱንም ያን ሰሞን ለወጣቷ ጥቁር ሴት ለሲሞን ሳንደርስ ሰጠ።

ሌላዋ ተወዳዳሪ ሂላሪ ክሊንተንም አልተረፉም። በዚያው ወር ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ታጋዮች፣ ጥቁሮችን በጅምላ ባሳሰሩ ፖሊሲዎች ስለነበራቸው ድርሻ ፊት ለፊት ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም መለወጥ ያለበት የሰው ልብ ሳይሆን ሕጉ ነው ብለው ተከራከሩ። ከእነዚህ ፖሊሲዎች አንዱ ተደርጎ ለሚጠቀሰው፣ ባለቤታቸው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ለፈረሙት የ1994 የወንጀል ሕግ ሳንደርስም የድጋፍ ድምፅ ሰጥተው ነበር።

ኦክቶበር 13 ቀን ላስ ቬጋስ በተደረገው የዴሞክራቶቹ የመጀመሪያ ክርክር ተወዳዳሪዎቹ የጥቁሮች ሕይወት ነው ወይስ የሁሉም ሰው ሕይወት ዋጋ ያለው ተብለው ተጠየቁ። ሳንደርስ የጥቁሮች ብለው መለሱ፤ ምክንያቱን ሲያስረዱም የሳንድራ ብላንድን ስም ጠሩ።