ስፓኒሽ ዳንሰር፦ የቀይ ባሕሩ ግዙፍ ቀንድ አውጣ

ቀይ ባሕር ኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት ድንጋያማ ቦታ) ላይ ማታ ማታ የሚወጣ ዛጎል የሌለው ደም የመሰለ የባሕር ቀንድ አውጣ አለ፣ ፈረንጆቹ ስፓኒሽ ዳንሰር ይሉታል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ሄክሳብራንከስ ሳንጉዊኒየስ ነው። ዘመዶቹ አብዛኞቹ ከጣት አይበልጡም፣ ይሄኛው ግን 40 ሴንቲሜትር ድረስ ያድጋል። ጀርባው ላይ 6 ስንጥቦች አሉት፣ እየተነፈሰባቸው ነው የሚኖረው፣ እያንዳንዳቸውም ለየብቻ ነው የበቀሉት።

ለሳይንስ ካስተዋወቁት ሁለት ጀርመኖች አንዱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ቀይ ባሕር ዳርቻ እንስሳ ሲሰበስብ ከርሞ በ1830ዎቹ ደሞ እኛ ጋ መጥቶ ስሜን ተራሮችና ጎንደር ድረስ ዘልቋል፣ ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረውም እሱ ራሱ ነው።

ዳንሰር (ጨፋሪ) የተባለው በአዋኛኘቱ ነው፣ ያንን ሰፊ ጠርዙን ፍላሜንኮ እንደሚባለው የስፔን ጭፈራ ቀሚስ እያራገበ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ቪዲዮዎች ላይ የሚታየውም ይሄ ነው። ግን እኮ ብዙውን ጊዜ አይዋኝም! ቀን ኮራል ስር ይደበቃል፣ ማታም ጠርዙን ወደ ላይ ጠቅልሎ ዝም ብሎ ነው የሚሳበው፣ ቀሚሱን የሚዘረጋው በተለይ ሲነካካ ወይ ሲደነግጥ ስለሆነ ጠላቂዎች ለቪዲዮ ብለው ሲነካኩት ሳይ ደስ አይለኝም።

ይሄ ሁሉ ቀለም እያለው ዓሣዎች ለምን አይበሉትም? ስፖንጅ (የዕቃ ማጠቢያው ሳይሆን ባሕር ውስጥ ተጣብቆ የሚኖረው እንስሳ) ስለሚበላ ነው፣ ስፖንጁ ውስጥ ያለውን መርዝ እሱ ሳይጎዳ ሰውነቱ ውስጥ ያከማቸዋል፣ ዓሣ ቢቀምሰው መልሶ ይተፋዋል። መርዙ አክቲን ከሚባለው የሴል ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ተመራማሪዎችም ላብራቶሪ ውስጥ በደንብ ፈትሸውታል። ጀርባው ላይ ደሞ ስንጥቦቹ መሀል ኢምፐረር ሽሪምፕ የሚባል የሸርጣን ዘመድ የሆነ ትንሽዬ እንስሳ ይኖራል፣ ቀለሙም ከሱ ጋር ይመሳሰላል፣ በነፃ እየተጓዘ በነፃ ይጠበቃል።

እንቁላሉን የሚጥለው በሪባን ነው፣ ሮዝ ወይ ቀይ ሆኖ ተጠምዝዞ ኮራሉ ላይ ይለጠፋል፣ እያንዳንዱም ወንድም ሴትም ስለሆነ ከተገናኙ በኋላ ሁለቱም ይጥላሉ። መርዙን ለእንቁላሉም ስለሚያካፍለው ደፍሮ የሚነካው ትንሽ ነው፣ ፋቮራይነስ የሚባሉት ትንንሽ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ግን ምንም ሳይመስላቸው ሪባኑ ላይ ቁጭ ብለው ይበሉታል።