«ምስክሮቹ ካልተስማሙ ዋሽተዋል» አትበሉኝ፦ ስለ ሊንከን ግድያ የሚወራውና እውነታው

«ምስክሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ የተደበቀ ነገር አለ።» ዋሽንግተን ለሚመጣ እንግዳ ሊንከን የተተኮሰባቸውን ፎርድ ቲያትርን ባሳየሁ ቁጥር ይቺን እሰማለሁ። ሰለቸችኝ። እንጀራዬ የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው፤ ምስክር ስሰማ ነው የምውለው። እኔ የምጠረጥረው ቃል በቃል የሚስማሙትን ነው፤ ተመካክረው መጥተዋላ!

ለማታውቁት፦ ኤፕሪል 14 ቀን 1865 እ.ኤ.አ. ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ተዋናዩ ጆን ዊልክስ ቡዝ ቲያትር እያዩ የነበሩትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንከንን ከኋላ ጭንቅላታቸውን በሽጉጥ መታቸው። አብሯቸው የነበረውን ሻለቃ ራትቦንን በጩቤ ክንዱን ወጋው። ከዚያ ወደ መድረኩ ዘሎ በጓሮ በር አመለጠ።

አሁን አዳራሹን አስቡት። ፕሬዚዳንቱ ተቀምጠው ያዩባት የነበረችው የክብር ክፍል ወደ መድረኩ ስታዩ በቀኝ በኩል፣ ከመድረኩ 3.5 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከሥሯ የተቀመጠ ሰው ውስጧን አያይም። የሚያየው ሰውዬው ከላይ ዱብ ሲል ነው። ከፊት ለፊቷ ግራ ፎቅ ላይ የነበረው ጄምስ ፈርጉሰን ግን ሌላ ነው። የጎረቤት ምግብ ቤት ባለቤት ነው፣ ቡዝን በመልክ ያውቀዋል፣ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ግራንት ይመጣል ስለተባለም እሱን ለማየት ክፍሏን ሲጠብቅ ነበር። የዚህን ሰው ቃልና ታች ሆኖ በሳቅ ሲፈርስ የነበረን ሰው ቃል እኩል መመዘን ምን የሚሉት ነው? አብዛኛው ታዳሚ መድረክ ላይ ብቻውን የነበረውን ተዋናይ ሃሪ ሆክን ነበር የሚያየው፤ ተኩሱን የቲያትሩ አካል የመሰላቸውም ነበሩ። ታዲያ ቡዝ «ሲክ ሴምፐር ቲራኒስ» (በላቲን «የአምባገነኖች ዕጣ ሁሌም ይህ ነው») ብሎ የጮኸው ክፍሏ ውስጥ ነው ወይስ መድረክ ላይ ሲባል መልሱ ቢለያይ ምን ይገርማል? ምስክርን «ምን አየህ» ከማለታችሁ በፊት «የት ተቀምጠህ፣ ወዴት እያየህ ነበር» በሉት። ያኔ ግማሹ ቅራኔ በራሱ ይፈታል።

«ቡዝ ራሱ ጽፎታል፣ አለቀ።» አላለቀም። ማስታወሻው ላይ ከመተኮሴ በፊት ጮኽኩ፣ ስዘል እግሬ ተሰበረ ይላል። እዚያው ላይ ሻለቃውን ኮሎኔል አድርጎታል። ራሱን እያጀገነ የሚጽፍ ሰው ነው። እግሩ የተሰበረው ሲሸሽ ፈረሱ ወድቆበት ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

«የፕሬዚዳንቱ ክፍል በር ላይ ያለውን ቀዳዳ ቡዝ ነው የበሳው።» ከቲያትር ቤቱ ባለቤቶች ቤተሰብ የመጣው ቃል ሌላ ነው፦ ጠባቂው ከውጭ ሆኖ ውስጡን እንዲያይ ያስበሱት እነሱ ናቸው።

«እኔ ራሴ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ከዚያ አይታይም።» ይቺ ደግሞ ታናድደኛለች። የተቀመጣችሁበት በ1968 የተከፈተው አዳራሽ ነው እኮ! ከግድያው በኋላ መንግሥት ቤቱን ወስዶ ውስጡን አፍርሶ ቢሮ አደረገው፤ በ1893 ውስጡ ተደርምሶ 22 ሠራተኞች ሞተዋል። የዛሬው አዳራሽ የድሮውን አስመስለው እንደገና የሠሩት ነው። ከየት ምን ይታይ እንደነበር መከራከር የፈለገ፣ በስልኩ ያነሳውን ትቶ ከግድያው በኋላ በነበሩት ቀናት ውስጥ የተነሱትን ፎቶዎች ይዞ ይምጣ።