ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ወግ አጥባቂነትና ራስን የመተቸት ልማድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥቁር አሜሪካውያን በገዛ ወገናቸው ላይ የሚሰነዝሩት ትችት ብዙ ጊዜ እንደ ክህደት ይቆጠራል። ይህ ፍርድ ረጅም ታሪክ ያለውን ክርክር የሚያጠብ በመሆኑ መታረም ይገባዋል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተሳሳተ አመለካከት፦ የጥቁሮች ወግ አጥባቂ አስተሳሰብ ከነጮች የተቀዳ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

እውነታው፦ በባርነት የተወለደው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ከ1881 ጀምሮ በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት ሲመራ ቁጠባን፣ የእጅ ሙያንና ንብረት ማፍራትን ያስተምር ነበር። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማልኮም ኤክስም ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ መራቅን፣ የራስን ንግድ ማቋቋምን አጥብቆ ይሰብክ ነበር፤ እርሱን ግን ወግ አጥባቂ ብሎ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ራስን መቻልን የሚሰብክ ሰው የዘር መድልዎን ይክዳል።

እውነታው፦ ከሁሉም የሚጎዳው ስሕተት ይህ ነው። ዋሽንግተን በ1895 በአትላንታ ባደረገው ንግግር ጥቁሮች ለማኅበራዊ እኩልነት ከመሟገት ይልቅ በሥራ እንዲበረቱ በመምከሩ ለመድልዎ እጁን ሰጠ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም መሠረት አልባ አይደለም። ሆኖም የ1901ዱ የአላባማ ሕገ መንግሥት የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ሲነጥቅ፣ ይህንኑ በመቃወም ተመሥርቶ በ1903 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰውን ክስ በምስጢር በገንዘብ የደገፈው ይኸው ሰው ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ። በዚያ ዘመን በደቡብ ግዛቶች በግልጽ መሟገት ለሕይወት ያሰጋ እንደነበር ሳያስቡ በዋሽንግተን ላይ መፍረድ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ወግ አጥባቂ የሆነ ጥቁር ሁሉ ሪፐብሊካንን ይመርጣል።

እውነታው፦ በሃይማኖትና በቤተሰብ ጉዳይ ጥብቅ አቋም ያላቸው እጅግ ብዙ ጥቁሮች ድምፃቸውን ለዴሞክራቶች ይሰጣሉ። ከሊንከን ዘመን አንሥቶ የሪፐብሊካን ደጋፊ የነበረው ጥቁር ሕዝብ በ1936 በብዛት ወደ ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዞረ፤ በ1964 ደግሞ የሪፐብሊካኑ እጩ ባሪ ጎልድዋተር የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የዜጎች መብት ሕግ በመቃወሙ መለያየቱ ጸና። ምርጫው ከእምነት ይልቅ መብትን ማን ይጠብቃል በሚለው ጥያቄ ላይ ያረፈ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ራስን መተቸት ገመናን አደባባይ ማውጣት ብቻ ነው።

እውነታው፦ ትችቱን ለጥላቻ የሚጠቀሙበት ስላሉ ስጋቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የዋሽንግተን ዋነኛ ተቺ የነበረው ጥቁሩ ምሁር ዱቦይስ ራሱ በ1899 ባሳተመው የፊላደልፊያ ጥናት የወንጀልንና የቤተሰብን ችግር ሳይሸሽግ ጽፏል፤ በመደምደሚያውም የጥቁሮችን ግዴታና የነጮችን ግዴታ ለየብቻ አስቀምጧል። አንዱን ክፍል ነጥሎ መጥቀስ ጥናቱን ማዛባት ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ወግ አጥባቂዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው።

እውነታው፦ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ቶማስ ሶዌል በወጣትነቱ ማርክሳዊ ነበር። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስካይለርም ሶሻሊስት ሆኖ ጀምሮ በ1964 የዜጎች መብት ሕጉን እስከ መቃወም ደርሷል፤ ለእኛ ግን ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችባቸው ዓመታት በፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ለአገራችን የሚቆረቆሩ ተከታታይ ልቦለዶችን የጻፈ ሰው ነው።