መጠጥ ለጎዳው ነርቭ የሚሰጡ መድኃኒቶች

ብዙ ጊዜ ከእግር ጣት ነው የሚጀምረው። ውስጥ እግር ማታ ማታ ያቃጥላል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል፣ ከዚያ ይደነዝዛል፤ እየቆየ ካልሲ እንዳጠለቁ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣና እጅም ላይ ይደርሳል። አረቄም ይሁን ቢራ ወይም ውስኪ፣ ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ነርቩ እንዲህ ሊጎዳ ይችላል።

ምክንያቱ ድርብ ነው። አልኮሉ ራሱ ነርቭን ይመርዛል። በዚያ ላይ ጠጪ በቅጡ አይበላም፣ ቢበላም አንጀቱ ቢ1 የሚባለውን ቫይታሚን፣ ታያሚንን፣ እንደ ልቡ አይመጥለትም።

ስለዚህ ሕክምናው ላይ ቀድሞ የሚነሳው ታያሚን ነው። በጣም ለተጎዳ ሰው መጀመሪያ በመርፌ፣ ቀጥሎ በክኒን ይሰጣል። ተዳክሞ ለመጣ ጠጪ ግሉኮስ ሲሰቀል ታያሚኑ ቀድሞ ወይም አብሮ መግባት አለበት፤ አለዚያ ግሉኮሱ የቀረችውን ቢ1 አሟጦ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ በ1881 እ.ኤ.አ. የገለጸውን አደገኛ የአንጎል ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ፎሌትና ቢ12 የሚባሉት ቫይታሚኖች ከጎደሉም ይተካሉ። ቢ6 ግን ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ «ቫይታሚን ምን ያመጣል» እያሉ በራስ ፈቃድ ለወራት መዋጥ አያዋጣም።

ለማቃጠሉ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ይታዘዛል። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ ለነርቭ ሕመም በትንሹ፣ ማታ ከ10 ወይም 25 ሚሊ ግራም ይጀመራል። እነዚህ ሁሉ ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ ነርቩን አይጠግኑም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ቀን ክኒን፣ ማታ መለኪያ። ጋባፔንቲን ከአልኮል ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ እስከ ማዳከም ይደርሳል። ሌላው የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ዱሎክሰቲን ደግሞ አብዝቶ ለሚጠጣና ጉበቱ ለታመመ አይመከርም።

ጉዳቱን የሚያቆመው መጠጡን ማቆም ነው። ግን በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ድንገት ቢተው ሊንቀጠቀጥ፣ አልፎም የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊይዘው ስለሚችል በሐኪም ክትትል፣ ብዙውን ጊዜ እንደ ዳያዜፓም ባለ መድኃኒት ይረዳል። መጠጥ ለማስተው የሚሰጠው ዳይሰልፊራም ራሱ አንዳንዴ ነርቭ ይጎዳል (ጉድ እኮ ነው!)፤ እግሩ ለሚያቃጥለው ሰው ቀዳሚ ምርጫ አይሆንም።

ነርቭ ሲያገግም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ ለውጡ ወራት ይፈጃል፣ በጣም የተጎዳው ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። እስከዚያው የደነዘዘ እግር ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ስለማይሰማው፣ ማታ ማታ ውስጥ እግርን ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው።