ውሃው ጠራ ማለት ቀለሙ ጠፋ ማለት አይደለም፦ ስለ ፎቶካታሊስት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰማያዊው ከለቀቀ ቀለሙ ተሰባብሯል»

ፎቶካታሊስት ብርሃን ሲያርፍበት ውሃ ውስጥ ያለን ቀለም የሚሰባብር ነገር ነው። ስለ እሱ በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በተባለ ፎቶካታሊስት ናኖ (እጅግ ደቃቅ) ዱቄት ሲሞከር ሰማያዊው በሦስት መንገድ ሊጠፋ ይችላል። አንደኛው እውነተኛው መሰባበር ነው። በሁለተኛው ቀለሙ ዱቄቱ ላይ ይለጠፋል። በሦስተኛው ደግሞ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ የቀለሙ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ተቀብሎ ቀለም አልባ ይሆናል፤ አየር ሲያገኝ ግን ሰማያዊነቱ ይመለሳል።

ስለዚህ መብራቱ ሳይበራ ድብልቁን ቢያንስ 30 ደቂቃ በጨለማ ማማሰል፣ የመነሻውን ንባብ ከዚያ በኋላ መውሰድ፣ በሙከራው ሁሉ አየር መንፋት ያስፈልጋል። ናሙናው በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ዱቄቱን በሚያዘቅጥ መሣሪያ) ሳይጣራ፣ ቀለሙ ብርሃን በሚውጥበት 664 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ከተነበበ የቀረው ዱቄት ብርሃን ስለሚበትን ቀለሙ ካለው በላይ በዝቶ ይታያል። ከቱቦው ሥር የተቀመጠውን ዱቄትም ልብ ይሏል፦ ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ደግሞም ቀለሙ በእርግጥ ቢፈርስ ቁርጥራጮቹ ውሃው ውስጥ ይቆያሉ። ይህን የሚያሳየው የጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ልኬት ነው፤ እሱም ከቀለሙ ዘግይቶ ይወርዳል።

«ዱቄት በጨመርን ቁጥር ይፈጥናል»

በሊትር ከ0.5 እስከ 1 ግራም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ውሃው ወተት ይመስላል፤ ብርሃኑም ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

«ፀሐይ ካለ ሌላ አያስፈልግም»

አናቴዝ የሚባለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚነቃው ከ387 ናኖሜትር ባጠረ ሞገድ ነው። ከፀሐይ ጉልበት አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የፖሊካርቦኔት ክዳን ከተደረገበት አብዛኛው እዚያው ይቀራል። «በሚታይ ብርሃን ይሠራል» የሚባል ዱቄት በሜቲሊን ብሉ ብቻ ከተፈተነ አይታመንም፤ ቀለሙ ራሱ ብርሃኑን ውጦ ለዱቄቱ ኤሌክትሮን ያቀብላል። እንደ ፌኖል ባለ ቀለም የሌለው ነገርም ይፈተን።

«ዚንክ ኦክሳይድም ያው ነው»

አይደለም። አሲድም ጠንካራ አልካሊም ያሟሟዋል፣ ብርሃኑም ይበላዋል፤ ዚንኩ ውሃው ውስጥ ይገባል።

«ላብራቶሪ ውስጥ ከሠራ ፋብሪካም ይሠራል»

ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሞከረው በተጣራ ውሃ ውስጥ በሊትር 10 ሚሊግራም ቀለም ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም (ከክሩ ጋር በኬሚካል በሚተሳሰር ቀለም) ሲነከር ግን በሊትር በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ጨውና ሶዳ አሽ ይገባል። ከእነዚህ የሚመጡት ክሎራይዱና ካርቦኔቱ፣ ብርሃን ባረፈበት ዱቄት ላይ ተፈጥረው ቀለሙን ሊሰብሩ የሚገባቸውን ሃይድሮክሲል ራዲካሎች ይሻማሉ። ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት ወይም የአልካሊነት መለኪያ) ከ6.5 ገደማ ሲያልፍ ደግሞ የዱቄቱ ገጽ አሉታዊ ስለሚሆን፣ አሉታዊ የሆኑትን ሪአክቲቭ ቀለሞች ይገፋል። በዚህ የተነሳ ፎቶካታሊስት የሚያዋጣው ከባዮሎጂካል ማጣሪያ በኋላ፣ ፒኤቹ ከተስተካከለ ወዲህ፣ ለቀረችው ቀለም ነው።

ዱቄቱን መልሶ መሰብሰብም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። 20 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቅንጣት በተናጠል ከተበተነ በቀላሉ አይዘቅጥም፤ ፒኤቹን ወደ 6.5 ማስጠጋት ቅንጣቶቹን አጓጉሎ ያዘቅጣቸዋል። መስታወት ላይ መለበጥ ይህን ጣጣ ያስቀራል፤ ግን ውሃውን የሚነካው ገጽ ስለሚያንስ ሥራው ይዘገያል።